የረቡዕ ወንበሮች

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ በሄድክበት ሁሉ ጌታ ፊት ፊትህ ይቅደም፤ ክፉ አይንካህ። እኛ፣ እሱ ይመስገን፣ አለን።

እንጨት መምጣት ካቆመ በኋላም አባትህ ጠዋት ጠዋት የአናጢ ቤቱን ይከፍታል። መጋዙን ይሞርዳል፣ ምንም ያልተሠራበትን ወለል ይጠርጋል፣ ለምሳ ይመጣል። "ሥራ እንዴት ዋለ?" አልለውም። አንተስ ትበላለህ? የላክህልን ፎቶ ላይ አንገትህ ቀጥኖብኛል። ሹራብ ደርብ።

ረቡዕ ረቡዕ እኛ ቤት ይጸልዩ የነበሩት ጎረቤቶቻችን ፈርተው ዕቃቸውን እየጫኑ ሄደው አለቁ። ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለማ! እኔ ግን ትናንትም ወንበሮቹን ደረደርኩ። አባትህ "ለማን ነው?" ቢለኝ መደርደሬን ቀጠልኩ። እሱም የሚንገዳገደውን ወንበር ወስዶ እግሩን አጠበቀው። "ድንገት የመጣ ሰው እንዳይወድቅብን" ብሎ መለሰው፤ ራሱም ተቀመጠበት።

ልጸልይ ተነሣሁ። "አባታችን ሆይ" ብዬ አፌ ተያዘ። አንተን አልጋህ ላይ ቃል በቃል ያስተማርኩህ እኔ! አባትህ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀኛል፤ እኔ እንባ ብቻ። እምነቴን አልጣልኩም ልጄ፣ አቅም ነው ያጣሁት። ወንበሮቹን አብረን አነሣን።

የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፤ ደግ ሰው ያጋጥምህ። አንድ ነገር ልለምንህ፦ የሚመጣው ረቡዕ ሲመሽ ደውልልን። ስልኩን አንዱ ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። "እንዴት ናችሁ?" አትበለን። አንተ ጸልይ፤ እኛ አሜን እንላለን።

እናትህ