የክኒኑን ክዳን የከፈተው እጅ

ሲካሞር ክሪክ፣ ኬንታኪ
እሑድ፣ ጁላይ 9 ቀን 2006

ለምወድሽ ልጄ ለቨርና፣

ጌታ በዚያ በአላስካ በረዶ መሐልም ደጅሽን ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ከከሰል ማዕድኑ ጉድጓድ ይዤው የወጣሁት ሳል አብሮኝ አርጅቷል፤ ከእሱ በቀር ማለቴ ነው። ፎሶሊያው አጥሩ ላይ ወጥቶ ተንዠርግጓል፤ ቲማቲሙንም ጥንቸል አልደረሰበትም። እናትሽ ብታየው «ዘንድሮስ ሰው ሆንክ፣ ሆባርት» ትለኝ ነበር።

ከቀብሯ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ቀረው። ስደውልልሽ «ሥራ ላይ ነኝ አባዬ» ትዪኛለሽ። ነርስ ሥራ እንደሚበዛባት አውቃለሁ። እኔም በስልክ ንግግር አይሆንልኝም፤ ስለዚህ በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ሐሙስ በእናትሽ ሞት በመድኃኒት ኩባንያው ላይ በከፈትነው ክስ ቃሌን ሰጠሁ። ከተማ ድረስ በመኪናው የወሰደኝ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ቨርጂል ነው። እሱን ታውቂዋለሽ፣ ዝም ማለት አይችልም።

«ጳውሎስ ክርስቲያን ፍርድ ቤት አይካሰስ ብሏል እኮ» አለኝ መንገድ ላይ።

«ጳውሎስ ያለው ወንድም ወንድሙን እንዳይከስ ነው። ይሄ የመድኃኒት ኩባንያ መቼ ተጠመቀና ነው ወንድሜ የሚሆነው?»

በሳቅ ፍርስ ብሎ መኪናውን ገደል ሊከተን ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ይሄ ክራባት የሠርግህ አይደለም እንዴ?» አለ። ነው። ኦርሊና ራሷ የመረጠችው ነው።

ጠበቃችን ወይዘሪት ፕራተር ልጅ እግር ናት፤ ምላሷ ግን ምላጭ ነው። ከመግባታችን በፊት ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና «አቶ ሆባርት፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። ያልተጠየቁትን ደግሞ እንዳይጨምሩ» አለችኝ።

«ሚስቴ ይህንኑ ሠላሳ ስምንት ዓመት ለምናኝ አልሆነላትም» አልኳት።

የኩባንያው ጠበቃ ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማው ፊት ያሳያል። የምንለውን ሁሉ አንዲት ሴት ቃል በቃል ትጽፋለች። በመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጄን ጭኜ ማልኩና ተቀመጥኩ።

«ባለቤትዎ ክኒኑን በቀን ስንት ይወስዱ ነበር?»

«አንድ። ለጉልበቷ። አስር ወር ሙሉ።»

«ከአንድ በላይ የወሰዱበት ቀን አለ?»

ወይዘሪት ፕራተር አሳለች። እኔ ግን ምዬ ነው የተቀመጥኩት፤ ሳል አያስቆመኝም።

«አለ» አልኩ። «አንድ ቀን። ሁለት ወስዳለች።»

ያ ቀን የትኛው እንደሆነ ታውቂዋለሽ። በዓመት አንዴ የሚውለው የቁርባናችን እሑድ፣ የእግር ማጠቢያችን ቀን። እናትሽ ሁለት ዓመት ሙሉ መንበርከክ አቅቷት፣ የቤተ ክርስቲያን እህቶቿ እርስ በርስ እግር ሲተጣጠቡ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ስትጠርግ ኖራለች። በዚያ እሑድ ጠዋት፣ ለቤተ ክርስቲያን ለባብሰን፣ ኩሽና ውስጥ ቆመን ሳለ ስልክ ተደወለ። እሷ አነሣች። አዳመጠች፣ ሳቀች፣ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብላ ዘጋች። ከዚያ «ዛሬ ሁለት» ብላ የክኒኑን ጠርሙስ አቀበለችኝ። ክዳኑ ልጆች እንዳይከፍቱት ተጭነው የሚያዞሩት ዓይነት ነው፤ የእሷ ጣቶች አይችሉትም፣ ሁልጊዜም የምከፍትላት እኔ ነበርኩ። ከፈትኩ። ሁለት ሰጠኋት።

«ሁለተኛውን ማን ሰጣቸው?» አለኝ ጠበቃው።

«እኔ። በዚህ እጄ።»

«በዚያን ሰዓት ኩሽና ውስጥ ማን ነበር?»

«እኔና እሷ።»

ጠበቃው አንገቱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ጥያቄ ሄደ። እጄን ጠየቀኝ፣ እጄን መለስኩለት። ሌላ አልጠየቀኝም፣ ሌላም አልጨመርኩም።

ልጄ፣ ስለ ስልኩ አለማንሣቴ ውሸት ይሆን ብዬ ሦስት ቀን በጸሎት ራሴን መረመርኩ። ጌታ በሌላ ነገር ወቀሰኝ እንጂ በዚህ አልወቀሰኝም። «ተቀምጠሽ እጠቢ፣ ማንም አይታዘብሽም» ልላት ስችል አላልኳትም። ሚስቴ በሰው ፊት እንደ ድሮዋ ስትንበረከክ ማየት ፈልጌ ነበር። ይሄ የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

ደግሞም ተንበረከከች፣ ቨርና! በአጥር ተጣልተው አስራ አንድ ዓመት ያኮረፈቻትን የእህት ዶቪን እግር አጠበች። ሁለቱም እንደ ሕፃን አለቀሱ። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ በረንዳው ላይ ፎሶሊያ ስትቀነጥስ ልቧ ቆመ።

አሁን ይህን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ወይዘሪት ፕራተር አንድ ወረቀት አሳይታኛለች። ኩባንያው ክኒኑን ከገበያ ከመሰብሰቡ ከአራት ዓመት በፊት የራሱ ሐኪሞች የጻፉት ነው፦ ይህ መድኃኒት ልብ ይጎዳል። ሐኪሞቹ ጻፉ፣ አለቆቹ አነበቡ፣ መሳቢያው ተዘጋ። የእኛ ወገን የልብ ሐኪምም እንዲህ አለኝ፦ «አቶ ሆባርት፣ የጎዳቻቸው የእሑዷ ትርፍ ክኒን አይደለችም። አስር ወር በየቀኑ የዋጡት ነው።» እኔ ሕክምና አላውቅም። ማን እያወቀ እንደደበቀ፣ ማን ደግሞ ሳያውቅ በፍቅር እንደተናገረ ግን ለይቼ አውቃለሁ። ሐኪምም ትሁን ነርስ፣ የሸሸጉባትን ከየት ታምጣው?

የኩባንያው ሰዎች «ጥፋት የለብንም የሚል ቃል ያለበት ስምምነት እንፈርም» ብለው ልከው ነበር። አልፈርምም አልኩ። በሴፕቴምበር ዳኞች ፊት እንቀርባለን። ወይዘሪት ፕራተር ሁለተኛውን ክኒን በመናገሬ መጀመሪያ ተቆጥታኝ ነበር፤ በኋላ ግን «እንዲህ ያለውን ሰው ዳኞች ያምኑታል» አለችኝ። እኔም አልፈራሁም። እውነቱን ቀድሜ ስለተናገርኩ የሚያስደነግጠኝ ጥያቄ አልቀረላቸውም።

ቁርባናችን ዘንድሮ ኦገስት 13 ይውላል። በዚህ ወንዝ የተጠመቅሽ ነሽ፤ ስምሽም ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ አልተፋቀም። እህት ዶቪ ሰማንያ ሁለት ሞላት። «ዘንድሮ እግሬን ከኦርሊና ልጅ በቀር ማንም አይነካውም፤ ካልመጣች ሳልታጠብ እሞታለሁ በላት» ብላኛለች። አትቀልድም። እናትሽ እግር ስታጥብ በወገቧ ትታጠቀው የነበረውን ረጅሙን ፎጣ አጥቤ ተኩሼዋለሁ። ለአንቺም ይበቃል።

የሰማይ አባት መንገድሽን ያቅናልሽ። እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። ያልተሰጠሽን ሸክም ከትከሻሽ ያውርድልሽ።

የኩሽናው ስልክ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው፤ አልነቀልኩትም፣ ቁጥሩም ያው ነው። እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣቴ በፊት፣ ልክ እንደ ድሮሽ ደውዪ።

አባትሽ፣
ሆባርት ኮምብስ