ካባህን ማን ለበሰው

ይድረስ ከጎኔ ለሄድከው፣ ከአፌ ግን ላልሄድከው ባሌ ለአስረስ፤

እንደምን ከርመሃል? ከተለየኸን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሲከፋኝም እንደ ልማዴ አንተን እየሰደብኩ ይወጣልኛል። ገብሱ አምሯል። ላሚቱ ወልዳለች። አጥሩ አንተ “ነገ አጥረዋለሁ” ባልከው ቦታ ላይ እንደ ተከፈተ ነው፤ ለመታሰቢያ ትቼዋለሁ።

ትልቁ ወሬ ግን መሸለምህ ነው። የጤና ቢሮ ሰዎች ደብረ ታቦር ድረስ ጠርተውኝ፣ ለጤናና ለማኅበረሰብ አገልግሎት ላበረከትከው አስተዋጽኦ ብለው ጥለት ያለው ጥቁር ካባ ደረቡልህ፤ ማለቴ፣ ያንተ ትከሻ ስላልተገኘ በእኔ ላይ ደረቡት። ስላንተ የተደረገው ንግግር እኛ ከጋፋት ማዶ በሽተኛ ተሸክመን ሆስፒታል ከምንደርስበት ጊዜ ይረዝማል። ተናጋሪው “ትሑት፣ ዝምተኛ” ሲልህ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። አንተ ዝምተኛ! ቃሬዛ አድርሰህ በተመለስክ ቁጥር ጠላ ቤቱ እስኪሰለች የምታወራው!

እሱ ያላወቀውን እኔ ላስታውስህ። ጥሩንባ ተነፍቶ በሽተኛ በቃሬዛ ሲነሣ፣ መንገድ ላይ የተገኘ ሁሉ ትከሻውን መስጠት አለበት፤ ደንባችን ነው። እንዳንተ ያከረረው ግን የለም። በምጥ የተያዘችውን የጎረቤታችንን ልጅ ይዘን ስንወርድ ከሠርገኛ ጋር የተገናኘን ዕለት፣ ሙሽራውን ከነካባው ከበቅሎ አወረድከው። ሚዜው “ኧረ ዛሬን እንኳ ይተዉት፣ አያ አስረስ!” ቢልህ፣ “የዛሬ ዓመት የሚስቱ ተራ ነው፤ ከአሁኑ ይለማመድ!” አልከው። ሙሽራው እየሳቀም እየተራገመም እስከ ወንዙ ተሸከመ። ሠርገኛው ዘፈኑን አላቋረጠም፤ ምጡም አላቋረጠም።

ወደ ካባህ ልመለስ። ወንድምህ “ለጥምቀት እለብሰዋለሁ” አለ። የንስሐ አባታችን “ለቤተ ክርስቲያን ቢሰጥ” አሉ፤ ዓይናቸው ግን በራሳቸው ቁመት ይለካው ነበር። እኔ ለማንም አልሰጥም ብዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ስወጣ ስገባ አቧራውን አራግፍለታለሁ። ካንተ የቀረኝ እሱ መሰለኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ያልለበስከው ልብስ!

ሐምሌ ላይ ጎርፍ ድልድያችንን ወሰደው። አምቡላንሱ ከወንዙ ማዶ ቆሞ ይጮኻል፤ ወዲህ የወንድምህ ምራት ምጥ ላይ ናት። ጥሩንባው ተነፋ። ቃሬዛው በደጃችን ሲያልፍ የለበሰችው ብርድ ልብስ በዝናብ በስብሶ ያንጠባጥባል፤ የልጅቱ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ካባህን አየሁት። “ምን ትጠብቂያለሽ፣ አንቺ ሴት!” ያልከኝ መሰለኝ። አወረድኩና አለበስኳት፤ ላዩ ላይ ላስቲክ ጣልንበት። ከፊት የተሸከመው ወንድምህ ነው፤ የተመኘውን ካባ በመጨረሻ ትከሻው ላይ አገኘው።

ወንዙን በሰላም ተሻገሩ፤ ሆስፒታል ደርሳም ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን አስረስ ይሉታል ብዬ ስጠብቅ የአምቡላንሱን ሾፌር ስም አወጡለት! እንዳትቀየም፤ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ የተቀበላት እሱ ነው።

ካባህ ጥለቱ ተላቆ ተመለሰ። ደሙን ባጥበው ባጥበው ጭራሽ አልለቅ አለኝ። ግድግዳው ላይ ግን አልመለስኩትም፤ አጣጥፌ ከቃሬዛው ጋር አስሬዋለሁ። ከእንግዲህ የሚለብሰው ተራ የደረሰው ሰው ነው።

አልረሳህም፣ አስረስዬ። ቅዳሴ ላይ ስምህን አስጠራለሁ። ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ደግሞ መንገድ ላይ ቆሜ፣ ሙሽራም ይሁን ሹም፣ የሚያልፈውን ሁሉ በአንተ ስድብ ከቃሬዛው ሥር አስገባለሁ። ባለፈው ሳምንት የድልድዩን ነገር ሊያይ የመጣው ያ ተናጋሪ እጄ ገባ። አንድ የታመሙ ሽማግሌ በቃሬዛ አሸክሜው ዳገቱን ወጣ።

እንዴት ያለ ትሑት፣ እንዴት ያለ ዝምተኛ ሆነ መሰለህ!

ሚስትህ