ጉልበትሽን ዝም ያሰኘው ፕላስተር

ይድረስ ለሯጯ ልጄ፦

ፈጣሪ እርምጃሽን ያቅናልኝ። ሁላችንም ደህና ነን እንዳልልሽ፣ አባትሽ ከተኙ ሰነበቱ። የቻይና ባህላዊ ሐኪምሽ ለጉልበትሽ ካዘዘልሽ የዕፅዋት ፕላስተር ላይ ቀንሰሽ የላክሽላቸውን በሚያማቸው ጉልበታቸው ላይ እንደ ለጠፉት ሕመሙ ጸጥ አለላቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዳንኩ እኮ! ልጅሽን ሩጫ ልገጥማት ነው» ብለው መሰላል አወጡና የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲመቱ ዋሉ። ፕላስተሩን ሲያነሡት ጉልበታቸው እንደ ዱባ አብጦ ተገኘ። የመረመራቸው ሐኪም ፕላስተሩን አልወቀሰም፤ «ሕመሙን አስታገሠልዎ፤ ጉዳቱ ግን እዚያው ነበር» አላቸው።

እኔም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በላክሽው ፎቶ ጀርባሽ ላይ ዋግምቱ የተወውን ክብ ምልክት፣ ጉልበትሽ ላይም የተሰኩትን መርፌዎች አይቻለሁ። ይበልጥ ያስፈራኝ ግን «አሁን ምንም አይሰማኝም፤ በሚመጣው ወር እወዳደራለሁ» ማለትሽ ነው።

ሕክምናውን ተዪው አላልኩም። ከውድድሩ በፊት ግን ፕላስተሩን አንሥተሽ፣ መርፌውንም ጥቂት ቀን አሳርፈሽ፣ ደረጃ ውረጂና ጉልበትሽን አድምጪው። ካመመሽ፣ እባክሽ፣ አትሩጪ። መልስሽንም በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፊልኝ፤ «ደህና ነኝ» ብቻ አይበቃኝም።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ሜዳሊያው ይቅርብኝና በሁለት እግርሽ ቆመሽ ልይሽ።

እናትሽ