ሳይከፈት የተመለሰ መድኃኒት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ወገቡ ተሻለው? ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኔ ከግራ እግሬ በቀር ምንም አልል፤ ደህና ነኝ።

መልእክተኛሽ ካልሲ ውስጥ ጠቅልለሽ የላክሽውን መድኃኒት በእጄ አስረክቦኛል። ካልሲውን አስቀርቼ፣ መድኃኒቱን ሳልከፍተው በዚያው ሰው እጅ መልሼልሻለሁ። ቆይ፣ አትቆጪ፤ መጀመሪያ አንብቢ።

እንደምታውቂው ማንበብ የተማርኩት ጫማ ውስጥ ከሚጠቀጠቅ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ስለዚህ የተጻፈ ነገር አይጠፋብኝም። ባለፈው ክረምት ምን ነበር የጻፍሽልኝ? አዲሱ መድኃኒት እግሬን የያዘውን ዓይነት ፈንገስ በላቦራቶሪያችሁ ሳህን ላይ ድራሹን አጠፋው ብለሽ ነበር። ቀጥለሽ ደግሞ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ባሳደጋችሁት የሰው ቆዳ ላይ ያንኑ ፈንገስ ተክላችሁ ስትሞክሩት፣ ፈንገሱን ትቶ ጤነኛውን ሥጋ አቃጠለው አልሽ። አሁን መጠኑን ቀንሰናል፣ ግን ገና አልሞከርነውም ትያለሽ። ያልተሞከረውን ነው እንግዲህ የላክሽልኝ! እኔ ማስቲሽ እንኳ ስቀይር በቁራጭ ቆዳ ላይ ለጥፌ፣ አድርቄ፣ ጎትቼ አያለሁ እንጂ ዘልዬ የሰው ጫማ ላይ አልቀባም። ጣውላ ላይ የያዘ ማስቲሽ ቆዳ ላይ ሲላቀቅ ስንቴ አይቻለሁ። ሥራችሁ የገባኝም በዚህ ነው። ደግሞስ መድኃኒት ደብቀሽ ማውጣትሽ ቢታወቅ ያንቺም እንጀራ፣ የባልደረቦችሽም ልፋት ገደል አይገባም? ለእኔ ብለሽ ነው፤ ይገባኛል። ግን ለእኔ ብለሽ አትስረቂ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሐኪሙ እግሬን አይቶ፣ ፈንገሱ አጥንት ውስጥ ገብቷል፣ ወደ ጉልበትህ ሳይወጣ ይቆረጥ ብሎኛል። አንቺ መድኃኒቱ እስኪደርስ ታገስ ትያለሽ። አልታገስም። ሐሙስ ይቆረጣል። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲሰማ፣ ከእንግዲህ ቀኙን ጫማ ታደርጋለህ፣ ግራውን ትሸጣለህ ብሎ አላገጠብኝ። አንተስ መላጣ ሆነህ ፀጉር ትቆርጥ የለ ብዬ መለስኩለት። ዞር ብሎ ዓይኑን ሲጠርግ ግን አይቼዋለሁ።

አሁን የምነግርሽን ልብ ብለሽ ስሚ። የምትሞክሩበት ፈንገስ ሳህን ላይ ኖሮ ኖሮ የተሞላቀቀ ነው፣ ከታማሚ እግር የወጣ ትኩስ ናሙና አጥተናል ብለሽኝ ነበር። የእኔው አልተሞላቀቀም፤ ይህን ሁሉ ዓመት የኖረው ከእኔ ጋር ነው! ሐኪሙን፣ የሚቆረጠው እግር እንዳይጣል፣ እህቴ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ይላክ አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሠርተን አናውቅም አለኝ። እንግዲያው ዛሬ ትጀምራላችሁ ብዬ ከወንበሩ አልነሳም አልኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ዙሪያዬን ጠርጋ ጨረሰች፤ እኔ እዚያው ነኝ። በመጨረሻ ሐኪሙ አለቃሽ ዘንድ ደወለ፤ ተስማሙ፤ እኔም ፈረምኩ። ናሙናው በበረዶ ታሽጎ በደንቡ ይመጣልሻል፤ እንዳንቺ በካልሲ አይደለም።

ሲደርስሽ የጋሼ እግር ነው ብለሽ ሳህኑ ላይ እንዳታለቅሺ። ፈንገሱን አውጥተሽ ባሳደጋችሁት ቆዳ ውስጥ ትከይው፤ መድኃኒቱን ሞክሪበት። ካልሠራ አልሠራም ብለሽ ጻፊ፤ ለእኔ ብለሽ አታሳምሪው። የእኔ እግር አንዴ አልፎበታል። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ከጎኔ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ግን ገና እየጀመራት ነው። እግሯ ከሄደ የስፌት መኪናዋን በምን ትረግጣለች? ለእሷ አድርሺላት።

ባለቤትሽን፣ ሲቀመጥ ወገቡን ቀና ያድርግ ብሏል በይልኝ። ትልቋን በርቺ በያት፤ የትንሿን ጉንጭ ሳሚልኝ። አለቃሽንም፣ ባላውቀውም፣ አመስግኚልኝ። ለእኔ አትስጊ። ለእንጨት እግሬ ማቀፊያ የሚሆነውን ቆዳ ቆርጬ ሰፍቻለሁ። ማስቲሹንም አስቀድሜ በቁራጭ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ይዟል።

ወንድምሽ፣ ጫማ ሰሪው
ከሱቄ፣ ከመስኮቱ ሥር
ሰኞ፣ መጋቢት 11 ቀን