በርሜሉ ሥር የነበረው ጉማጅ

ልጄ፣
የውሃ በርሜሉን ያስቀመጥኩበት የእንጨት ጉማጅ ፒካፕህን የምትደግፍበት መሆኑን እህትህ ገና አሁን ነገረችኝ።
ሳምንት ሙሉ ያለ ድጋፍ ሥሩ ተኝተህ ስትጠግን ነበር ማለት ነው! «እማዬ፣ እንጨቴን መልሺ» ለማለት አፍ የለህም?
ስለዚያ መኪና ወሬ እንዳልሰማ ስላልኩህ ነው፣ አይደል?

ጠዋት መኪናህ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። አሁን ጋራዥ ገብቼ ሳየው በግራ በኩል መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ባሌስትራውን አውጥተህ በቦታው የገጠምከው፣ መኪናውን የሚሸከመው የአየር ከረጢት ማንም ሳይነካው ተንፍሷል።
አንተ ሥሩ ብትሆን ኖሮ…

ራትህ ምድጃው ላይ ነው።
ጉማጁን ደጃፍ ላይ አስቀምጬልሃለሁ። ጠዋት ከፈረቃ ስመለስ አብረን እንደግፈዋለን።
እስከዚያ ሥሩ እንዳትገባ ብልህ፣ እሺ ብለህ እንደምትገባ አውቃለሁ። እኔው ነኝ የወለድኩህ።
ኩርፊያህን ነገ እችለዋለሁ።
ጋራዡን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ወጥቻለሁ።