ባዶ ደረጃ ሸኘሁ

ቂርያት ማላኪ
ዓርብ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በእናንተ አቆጣጠር

ማሪቱዬ፣ የማዕያን እናት፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኛ ደህና ነን» ይባላል። ዛሬ እሱን ዝለይው። ይልቅ እማማ እንዴት ናቸው? የእግራቸው እብጠት ጎደለ? ቅባቱን ጠዋትና ማታ ቀቢያቸው፤ ሁለት ሌላ ልኬልሻለሁ። ይቺን ደብዳቤም ቅባቱንም የሚያመጣልሽ የአጎቴ ልጅ ጓዴ ነው፣ ያቭኔ የሚኖረው። እሁድ ይበራል።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትይ። አንደኛ፣ አንቺ ስልክ ስታነሺ ድምፁን ትለቂውና ዘመድ ሁሉ ከብቦ ይሰማል። ሁለተኛ፣ እኔ በአፌ ስናገር ነገር ይምታታብኛል፣ አንድ ሁለት እያልኩ ካልጻፍኩት አይሆንልኝም። ሦስተኛም ነበረኝ፣ ጠፋኝ።

እሁድ ስትደውዪ «ማዕያን የበዓል ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ጦሩ ተመልሳለች፣ ጠግባ በልታ ስቃ ሄደች» አልኩሽ። እማማም አጠገብሽ ሆነው እልል ሲሉ ሰማሁ። ማሪቱ፣ አልሄደችም። ልጅሽ ክፍሏ ውስጥ ናት፣ በሩን ቆልፋለች። ይኸው ዓርብ ደረሰ።

ተቀመጪና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ለፔሳሕ፣ ለፋሲካችን፣ የመጣች ዕለት ደህና ነበረች፣ ወይም ለእኔ ደህና መሰለችኝ። ትልቁን የወታደር ቦርሳዋን ኮሪደር ላይ ጥላ «አባ፣ በዚህ ሆፌሽ፣ በዕረፍቴ፣ ማንም እንዳይነካኝ። ወታደር ከገባሁ ጀምሮ ያመለጠኝን ሁሉ ነው የማየው» አለችኝ። ያመለጣት ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ያ የጃፓን ነገሯ ነው። የካርቱን ፊልሙ አኒሜው፣ የሥዕል መጽሐፉ ማንጋው፣ ድራማው። እኔ ደስ አለኝ። ልጅ ደክሟታል፣ ትረፍ፣ ክለብ ለክለብ ከምትዞር ቤቷ ቁጭ ብላ ሥዕል ብታይ ምን ይጎዳል ብዬ። ቤኤር ቱቪያ ያለው መጋዘናችንም ለበዓሉ ዘግቶ ነበርና እኔም ቤት ነኝ። አንቺ እማማን ልታስታምሚ አገር ቤት ነሽ፤ ለሰደር፣ ለበዓሉ ዋዜማ ራት፣ ያቭኔ ጓዴ ቤት ሄድን።

እዚያ ደግሞ ስታስቅ ነው ያመሸችው። ጓዴን ታውቂው የለ፣ አፉ አያርፍ፤ «ማዕያን፣ ጃፓን ባል ልታመጪብን ነው አሉ። ስሙን ማን ብለን እንጥራው?» አላት። «ጓዴ በሉት» አለችው፣ «እሱም ስልሳ ክፍል ያወራል፣ አያልቅም።» ሰዉ በሳቅ ሞተ። በመኪና ስንመለስ ግን ገዴራን ስናልፍ «አባ፣ ቀስ ብለህ ንዳ፣ እንዳንደርስ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ከክፍሏ አልወጣችም። ቂጣውን ይዤላት እገባለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አብሬ አያለሁ። ታውቂኛለሽ፣ ባዶ እጄን መቀመጥ አልወድም፤ የሚያልፈውን ሁሉ በወረቀት ጻፍኩ። የትኛው ስንት ክፍል እንዳለው፣ የትኛውን እንደጨረሰች፣ ማን የማን ወንድም እንደሆነ። ከሥር የሚጻፈው ዕብራይስጥ ይሮጥብኛል፣ ግማሹን ሳልይዘው ይጠፋል። እሷ «ሰውየው እኮ ወንድሟ ነው፣ እሷ ግን አታውቅም» እያለች ትነግረኛለች። አንድ ቀን ከማንጋ መጽሐፎቿ አንዱን አንስቼ ሥዕሉን ብቻ እያየሁ እስከ ዳር ዘለቅሁት። አንድ ሽማግሌ ይቀበራል፣ ቀጥሎ አልጋ ላይ ነው፣ ቀጥሎ በምርኩዝ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ባሕር ዳር ይሮጣል። «ጥሩ መጽሐፍ ነው» አልኳት፣ «ሰውየው ዳነ።» እስክታለቅስ ሳቀች። «አባ! እንደ ዕብራይስጥ ነው እኮ የሚገለጠው፣ ከቀኝ። አንተ እንደ አማርኛ ከግራ ጀምረህ ከመጨረሻው ነው ያነበብከው!» አለች። ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

አሁን ካየናቸው ድራማዎች አንዱን ልንገርሽ፣ ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ነው። አንዲት እናት አለች፣ ጃፓን። ልጇ ትምህርት ቤት መሄድ አቁሟል፣ ከክፍሉ አይወጣም። እናትየው ግን በየጠዋቱ ምሳውን ትቋጥራለች፣ የውጭ በሩን ትከፍታለች፣ እጇን እያውለበለበች «ደህና ዋል!» ትላለች፣ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ጎረቤት እንዲሰማ ነው። እኔ ይቺን ሴት ሳይ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። «እሰይ!» አልኩ፣ «ይቺ የጎንደር ሰው ናት። ገመና ታውቃለች።» ማዕያን ቀና ብላ አየችኝና «አባ፣ ልጁ ከበሩ ኋላ ሆኖ ይሰማታል እኮ። ለሌላ ልጅ ደህና ዋል ስትል» አለች። እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም። ሰማሁ፣ አልገባኝም።

በዓሉ አለቀ። እሁድ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኳሁ።

«ማዕያን፣ ያላ፣ ተነሺ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»

«አልሄድም።»

«ምን ማለት ነው አልሄድም?»

«አልችልም አባ።»

ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ ጠየቅኋት። አለቃ በደለሽ? አይ። ወንድ ነካሽ? አይ። ተጣላሽ? አይ። ቀለምሽን አንስተው ሰደቡሽ? አይ። «ታዲያ ምንድን ነው ልጄ?» ስላት «ምንም። ውስጤ ምንም የለም አባ» አለች። እኔ ደግሞ ምንም የለም ስትለኝ ቀለለኝ! ምንም ከሌለ ምንም አይደል ብዬ።

ያን ጊዜ ወደ አለቃዋ መደወል ነበረብኝ። እኔ ያሰብኩት ስለ ደረጃው ነው። በእኛ ሕንጻ እሁድ ጠዋት የማን ልጅ ዩኒፎርም ለብሳ እንደወረደች የማይቆጥር የለም። «የአቶ ያለው ልጅ ከጦር ቀረች» ሲባል ታየኝ፤ ማን ያገባታል፣ ማን ሥራ ይሰጣታል፣ አንቺ ስትመለሺ በምን ዓይን ያዩሻል። ቦርሳዋን አነሳሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ እዚያው ቆሜ ጮክ ብዬ «በሰላም ግቢ ልጄ! ስትደርሺ ደውይ!» አልኩ። ለባዶ ደረጃ።

ፊት ለፊት ያሉት እትዬ የሺዓለም በሩን ከፈቱ።

«ወረደች?»

«ወረደች፣ እየሮጠች።»

«አይ ልጅነት! ቦርሳዋን ትታ?»

«እኔ ልሸከምላት ብዬ ነው።»

«አባት እንዳንተ ነው» አሉና በደረጃው ብረት ላይ ወደ ታች ጎንበስ ብለው «ፈጣሪ ይከተልሽ ማዕያንዬ! በደህና ያግባሽ!» ብለው መረቁ።

ቦርሳውን የመኪናው ኋላ ጫንኩና እስከ ገዴራ ነዳሁ፣ ወታደሮቹ አውቶቡስ ወደሚጠብቁበት። ለምን እንደሄድኩ እንጃ፣ የጀመርኩትን ለመጨረስ ይመስለኛል። የሌላ ሰው ልጆች ቦርሳቸውን እያዘሉ ሲሳፈሩ አይቼ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ቀትር ላይ አለቃዋ ደወለች፣ ሴት ናት፣ ታሊ ትባላለች። «ታማለች» አልኳት። ለጦሩ ታማለች፣ ለጎረቤት ሄዳለች፣ ላንቺ ስቃ ሄደች። ማንኛውን ለማን እንዳልኩ እንዳይጠፋኝ እንኳ ጽፌ ያዝኩት፣ ይቅር ይበለኝ።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍልሽ።

ሰኞ ከሥራ ስገባ ማዕያን ኮሪደር ላይ ቆማለች። ታጥባለች፣ ፀጉሯን አስራለች፣ ፊቷ ከስቷል።

«አባ፣ ቦርሳዬ የት አለ?»

«መኪና ውስጥ።»

«ውሰደኝ። አሁን። አሁን ካልሄድኩ መቼም አልሄድም፣ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ማሪቱ፣ ልቤ ዘለለ። ግን ደረጃውን ስወጣ አይቻለሁ፣ ታች መግቢያው ላይ ሰዉ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል፣ እትዬ የሺዓለምም አሉ። «ትንሽ ቆዪ፣ ሰዎቹ ይግቡ» አልኳት።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«እሁድ ሄዳለች ብያቸዋለሁ። አሁን ሲያዩሽ ምን ይላሉ? አንድ ሰዓት ብቻ።»

አየችኝ። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲያው ሄጃለሁ ማለት ነው» አለች። «ቤሰደር፣ እሺ አባ። ሄጃለሁ።» ገባችና ቆለፈች።

ሰዉ ገባ። መግቢያው ባዶ ሆነ። በሯን አንኳኳሁ፣ «አሁን ማንም የለም፣ ነይ እንውረድ» አልኩ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ በአንቺ ስም ለመንኩ። አልከፈተችም። ልጄ ያቺ አንድ ሰዓት ብቻ ነበረቻት፣ እሷን ለሰው ዓይን ሰጠሁባት።

ከዚያ ወዲህ እኔ ሥራ ስውል ወጥታ ትንሽ ትበላለች፣ ሳህኑ ታጥቦ አገኘዋለሁ። እኔ ካለሁ አትወጣም። መሣሪያ ያልሰጧት የቢሮ ወታደር በመሆኗ አመሰግናለሁ። ሻወር ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ ያንቺን የደም ግፊትም ጨምሮ፣ ለቅሜ መጋዘን ያለው ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ለምን እንደሆነ አልጽፍልሽም።

ትናንት ታሊ እንደገና ደወለች። እውነቱን ነገርኳት፣ ሁሉንም። ጥሩ ልጅ ናት፣ አልጮኸችብኝም። «እስከ እሁድ በሕመም ይዤላታለሁ፣ ከዚያ በላይ ከእጄ ይወጣል፣ የወታደር ፖሊስ ይመጣል። እሁድ ጠዋት ካመጣሃት ግን እኔው ራሴ ወደ አእምሮ ሐኪሙ እወስዳታለሁ፣ እስርም የለም። እጇን ይዘህ አምጣልኝ ብቻ» አለችኝ። እጇን ይዘህ! በተዘጋ በር እጅ እንዴት ይያዛል?

ዛሬ ጠዋት ይብቃኝ ብዬ እትዬ የሺዓለም ቤት ገባሁ። ለሻባት፣ ለሰንበቱ፣ ዶሮ ይበልታሉ። ቆሜ «ማዕያን አልሄደችም፣ ቤት ናት፣ ታማለች፣ ዋሽቼ ነው» አልኳቸው። እጃቸውን ታጠቡ፣ አደረቁ።

«እናውቃለን እኮ ያለው።»

«ማን ነው የሚያውቀው?»

«ሁላችንም። የእኔ መኝታና የልጅህ ክፍል ግድግዳው አንድ ነው። ስታለቅስ እሰማታለሁ። ከመጣች ጀምሮ፣ ከበዓሉም በፊት።»

«እሁድ ታዲያ ለምን መረቋት?»

«ምን ልበል? ገመናህን ተሸክመህ በር ላይ ቆመህ ትጮሃለህ። ብቻህን ልተውህ?»

ወጣሁ። ከኮሪደር ሆኜ እኔም ለቅሶ ሰምቻለሁ ማሪቱ። ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የጃፓኖቹ መስሎኝ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» ብዬ በበሩ እቀልድባት ነበር።

ተመልሼ በሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «ማዕያን፣ ነገርኳቸው። ያውቁ ነበር። መውጣት ትችያለሽ፣ ማንም ምንም አይልሽም» አልኳት። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ማየት የያዝኩት ሲያልቅ።»

«መቼ ነው የሚያልቀው ልጄ?»

«አያልቅም አባ። ብዙ ነው።»

ይኸው ነው ያለው ነገር። ሻባት ሊገባ ነው፣ ጓዴም ደብዳቤውን ሊወስድ ከያቭኔ ተነስቷል። ነይ ብዬ አልጽፍልሽም፣ እማማን ለማን ትተሽ። ጓዴ ግን ትኬት እንዴት እንደሚቀየር ያውቃል፣ ብትጠይቂው አይከፋም።

የእማማን እግር ሳሚልኝ። የእሳቸው ምርቃት እዚህ ይደርሳልና፣ ሳታብራሪ «ልጅቱን ይመርቋት» በያቸው ብቻ። ፈጣሪ እሳቸውን በእግራቸው ያቁምልን፣ አንቺን በጤና ያቆይልን፣ ልጃችንን ከተዘጋችበት ያውጣልን። አሜን በይልኝ፣ እኔ ብቻዬን ስለው አይሞላም።

አንብበሽ ስትጨርሺ ደብዳቤዋን ቅደጃት፣ ሰው እንዳያያት።

አይ፣ ተይው። አትቅደጃት። ማዕያን እንዴት ናት ብሎ ለሚጠይቅሽ ሁሉ አንብቢለት።

የማዕያን አባት፣
ያለው