የቀኙ በረት ግልገሎች

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 2፡00
ሚዛን። ግራ በረት ስድስት፣ ቀኝ በረት ስድስት። የአንዲት አሳማ ልጆች ናቸው፤ ጡት ከጣሉ ሦስት ሳምንት። የግራዎቹ መኖ ቪታሚን አለበት፣ የቀኞቹ የለበትም። ጥናቴ ይኸው ነው፤ ዲግሪዬም በዚሁ ላይ ቆሟል። ግራዎቹ መቅደም ነበረባቸው። አልቀደሙም። እኩል። ደግሜ መዘንኩ። እኩል።
ደብተሬ፣ የሆነ ሰው እየነካካብኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4
መኖ የሚያደባልቁት አባ ፊጣ ናቸው። በጠዋቱ መኪና ከሰርቦ ይመጣሉ። ሙስሊም ናቸው። በቆሎውንና የኑግ ፋጉሎውን መጋዘን ውስጥ ያደባልቃሉ፣ ጆንያውን በር ላይ ያደርሳሉ፤ በረቱ ውስጥ አይገቡም። ለሚጸየፉት እንስሳ የቪታሚኑን ዱቄት ከልባቸው ይጨምራሉ? ቤታቸው ላም አለ። ዶሮም አለ። ይህን ሳስብ ዋልኩ። አፈርኩ። አልተወኝም።
አከራዬ ዛሬም ጫማዬን ከአጥር ውጭ አስወለቀችኝ። በሰፈሬ በጊንጆ ጉዱሩ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በእኔ ጫማ ይስማማሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
የቪታሚኑን ቆርቆሮ ውስጡን፣ ዱቄቱ የደረሰበት ላይ፣ በእርሳስ አሰመርኩ። አባ ፊጣ ደረሱብኝ። አይጥ ገብቶ እንደሆነ እያየሁ ነው አልኩ።
“አይጥ እርሳስ ይፈራል እንዴ፣ ልጄ?”
ወደ አካፋቸው ተመለሱ። አልሳቁም።
ከሰዓት ለክፍሉ ኃላፊ ጥርጣሬዬን ጣል አደረግሁ። እንደ ወሬ ነበር። እሱ ግን ጻፈው። ዓርብ ግምገማ አለ፤ አባ ፊጣ ንብረት በማባከን ይነሣሉ። ባለፈው ግምገማ የተነሣው ዘበኛ ዛሬ ዘበኛ አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6። 4፡00
ዱቄቱ የወረደው በሚገባው ልክ ነው። ከግራው ጆንያ ዘገንኩ፤ ቢጫው ዱቄት አለ። ከቀኙ ዘገንኩ፤ የለም። አባ ፊጣ ንጹሕ ናቸው። ታዲያ ማን?

9፡30
መጋዘኑ ጥግ ቆሜ ጠበቅሁ። በረት የምትጠርገው አስካለ መጣች። ክንዷ ሙሉ የጎመን ቅጠል። ሁሉንም ለቀኝ በረት በተነችው። ከመቼ ጀምሮ አልኳት። ጡት ከጣሉ ጀምሮ፣ በየቀኑ። አልደነገጠችም።
“የግራዎቹ መድኃኒት ይበላሉ። እነዚህስ ምን በደሉ? እናታቸው አንድ። አንተ ደግሞ ፊት ታያለህ።”
የአሳማ ሥጋ ስሙ ሲነሣ የምታማትብ ሴት ናት።
እኔ ከቆርቆሮ የከለከልኳቸውን ከጓሮ ስታበላቸው ኖራለች። ጥናቱ አበቃለት። ለእሷም ለአባ ፊጣም ለምን ሁለት በረት እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም። ካወቁ ይነካኩብኛል ብዬ።
አሁን አባ ፊጣን ላውጣ ብል አስካለን ማስገባቴ ነው። ግምገማ ስም ይወዳል።

11፡00
አባ ፊጣ የሰርቦን መኪና እየጠበቁ አገኘኋቸው። የነገውን ሰምተዋል። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።
“ታይቼ ነው ወይስ ተጠርጥሬ?”
ተጠርጥረው ነው አልኩ። በእኔ።
“እሺ። ነገም እንደዚሁ በል።” ተሳፈሩ። ዞር ብለው አላዩኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7። ጠዋት 2፡45
አዳራሽ። ግምገማው 3፡00 ይጀመራል። እጄን ቀድሜ አወጣለሁ። ዱቄቱ አልጎደለም፣ ያለማስረጃ የጠረጠርኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ቅጠሉን ማን ሰጠ ካሉ፣ እንዳይሰጥ ለማንም ያልነገርኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ከዚያ ወዲያ የምሰጠው ስም የለኝም። ዲግሪው ዘንድሮ አይደርስም።
 
ኃላፊው ከፊት ወንበር ይዞልኛል፣ በእጁ ይጠራኛል። አባ ፊጣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው። ግራ ቀኛቸው ባዶ ነው።
እዚያ እቀመጣለሁ።